የምታበራዋ ዘንግ

እናቴ ስለ አባቴ ሞት አንድ ጥያቄ ብቻ ቀርቷት ነበር፤ በምን ተገነዘ? ስንት ቀን እንደ ተኛ፣ ማን እንደ ናዘዘው፣ የት እንደ ተቀበረ መልእክተኛው ነግሯታል። ያንን ሁሉ ሰምታ፣ አልቅሳ፣ እንግዳ ተቀብላ ሸኝታለች። ይቺን ግን መልእክተኛውን አልጠየቀችውም። "ይኼ በሰው አፍ የሚላክ ጥያቄ አይደለም፤ ሄጄ እጠይቃለሁ" አለች። ሙት ዓመቱ ሊደርስ ሦስት ሳምንት ሲቀረውም ቃሏ ያው ነበር።

ፍርሃቷን አንድ ቀን ብቻ፣ ምስር እየለቀመች ነግራኛለች። አባቴ በሞተባቸው ወራት መንገዱ ተዘግቶ፣ ሱቁ ሁሉ ባዶውን ቀርቶ ነበር። እዚህ ላሊበላ ከተማው ውስጥ እንኳ ለመግነዝ የሚሆን አንድ ክንድ አቡጀዲ ጠፍቶ፣ ጎረቤታችን በገዛ አንሶላው ተቀብሯል። "እዚህ እንዲህ ከሆነ እዚያ ገጠር ምን ይኖራል? በጆንያ ይሆናል የቀበሩብኝ" አለች፤ ከዚያም ምስሯን መልቀም ቀጠለች። 

ችግሩ መሄጃው ነበር። አባቴ ያረፈው ከብልባላ ወዲያ ባለች የእህቱ መንደር ነው። እስከ ብልባላ መኪና አለ። ከዚያ ወዲያ የሁለት ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ ነው፤ የእናቴ ጉልበት ደግሞ ከቤታችን ቤተ ክርስቲያን ድረስ እንኳ ሦስት ጊዜ ካላረፈች አያደርሳትም። በቅሎ እንለምን ብላት በዓይኗ ቆጣ አለችብኝ። በሙሽርነቷ በቅሎ ጥላታለች፤ ከዚያ ወዲህ በቅሎ በታሰረበት በኩል አታልፍም። "አሥራ አምስት ዓመት በአባትህ ሞተር ከኋላ ተቀምጬ ሄጃለሁ። አሁን በስተርጅና በበቅሎ አልጀምርም" አለች። ብቻዬን ሄጄ ጠይቄ ልምጣ ስላት ደግሞ "ያለኔ አትሄድም" አለች። እውነቱን ለመናገር ይቺ ክልከላ ዓመቱን ሙሉ ተመችታኝ ነበር። መቃብሩን ማየት ፈርቼ ነበር።

ሞተሯ ግን በዚያን ጊዜ ሞተር አልነበረችም። በሰባት ቤት የተበተነ ብረት ነበረች።

ይኼ የአባቴ ሥራ ነው። ነገሩ በተበላሸበት ክረምት፣ በአካባቢው መሣሪያ የያዘ ሰው ሁሉ ሞተር ሳይክል ያምረው ነበር። ያለው ሰው አንዳንዱ ጭድ ውስጥ ቀበረ፣ አንዳንዱ ጎማውን አተነፈሰ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የመንገድ ሥራ ማሽን ሲጠግን ኖሮ ጡረታ የወጣ መካኒክ ነውና እስከ መጨረሻዋ ብሎን ፈታት። "የተፈታ ሞተር ማንም አይወስድም። ቢወስድም መግጠም አይችልም" አለ። በሁለተኛው ልክ እንደ ነበር በኋላ እኔው ራሴ አረጋግጫለሁ።

ጎማዎቹ ነፋስ ቆርቆሮ እንዳያነሳ እንደሚጫን ድንጋይ ጣራ ላይ ወጡ። ታንከሩ በጎረቤት ጎተራ ገብስ ውስጥ ገባ። የኢንጂኑ አናት፣ መካኒኮች ቴስታታ የሚሉት፣ ባዶ የንብ ቀፎ ውስጥ ተሸጎጠ። ካርቡራተሩ የእናቴ የበርበሬ ቅል ውስጥ ከረመ፤ ያንን ያጸዳሁ ለት ከሰዓት በኋላ ክፍል ገብቼ ማስተማር አቅቶኝ እያነጠስሁ ዋልሁ።

ከሁሉም ርቀው የሄዱት ሁለቱ ዘንጎች ናቸው። በዚች ዓይነት ሞተር ኢንጂን ሆድ ውስጥ እንደ እንቁላል ሾል ያለ ብረት ይዞራል። ሲዞር ሁለት ማንሻዎችን በየተራ ወደ ላይ ይገፋል። በእያንዳንዱ ማንሻ ላይ ትንሽ ጉድጓድ አለች፤ በጉድጓዷ ላይ ከስንዝር የምታጥር ቀጭን ዘንግ ትቆማለች። ማንሻው ዘንጓን፣ ዘንጓ ከአናት ያለውን ክንድ፣ ክንዱ ቫልቩን ይገፋል። በአንዱ ቫልቭ ይተነፍሳል፣ በሌላው ጭሱን ይተፋል። አባቴ ሁለቱን ዘንጎች በእጁ ይዞ "እነዚህ ከሌሉ የቀረው ሁሉ ቁርጥራጭ ነው" አለና በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ፍልሰታን ልትጾም እኛ ዘንድ ከርማ ወደ አገሯ ለምትመለሰው እህቱ ሰጣት። አክስቴም የሱባኤ ስንቋን ባመጣችበት አቁማዳ ውስጥ ከታ ይዛቸው ሄደች።

እኔ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ሲፈታ አጠገቡ ተቀምጬ በደብተር መዝግቤያለሁ፣ ሥዕልም ስያለሁ። ዘንጎቹ ላይ ስንደርስ "ለይተህ ምልክት አድርግባቸው" አለኝ።

"ሁለቱም እኮ አንድ ናቸው። ርዝመታቸው እኩል ነው" አልሁት።

"እኩል ናቸው፤ አንድ ግን አይደሉም። እያንዳንዷ ቦታዋን ለምዳለች።"

"ብረት አይለምድም" አልሁ። አባቴ ቀና ብሎ አየኝና ሥራውን ቀጠለ። ሰው ጥፋቱን ራሱ እስኪያገኘው ድረስ የመተው ልማድ ነበረው፤ በልጅነቴ የጠላሁት ልማዱ ነው። ምልክቱን አላደረግሁም።

በኅዳር ያቺው እህቱ አዝመራዋን የሚሰበስብላት ሰው አጣች መባሉን ሰማና በእግሩ ተነሣ። ለሦስት ቀን ነው ብሎ በላዩ ላይ ጃኬቱን ብቻ አድርጎ ወጣ። መንገዱ ከኋላው ተዘጋ። ደረቱ ቀድሞም ብርድ አይችልም ነበር። በጥር መጨረሻ አረፈ፤ እኛ የሰማነው ከተቀበረ ከአሥር ቀን በኋላ ነው።

እንግዲህ ሙት ዓመቱ ሲቃረብ፣ ጥምቀት ማግስት፣ ብረቱን ከየቤቱ ለቀምሁ። ዘንጎቹን ቅዳሜ ገበያ በሚመጣ የአክስቴ አገር ሰው በኩል እንድትልክልኝ አስጠይቄ፣ በሳምንቱ በዚያው ጨርቅ ተጠቅልለው፣ በእጅ በተፈተለ ክር ታስረው መጡልኝ። ስፈታቸው አንዷ ደብዛዛ ናት፤ ጠቆር ያለ የዘይት ቅሪት ይዛለች። ሌላዋ ታበራለች። ከዳር እስከ ዳር እንደ ተወለወለ ማንኪያ ታበራለች። አክስቴ አንዷን ወልውላ ሲደክማት ሌላዋን ትታታለች ብዬ አሰብሁ። ከምታበራዋ ጫፍ ቀዳዳ ውስጥ ነጭ ብናኝ ነገር በመርፌ አወጣሁ፤ የመወልወያው ጨርቅ ይሆናል አልሁ። ሁለት ቀን ሙሉ የተጠራጠርሁት ደብዛዛዋን ነው። በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኋት፣ በቤንዚን አጠብኋት፣ ርዝመቷን ለካሁ። የምታበራዋን ግን ምን ልለካት፤ እያየኋት! ወስጄ ጭሱን በሚያስወጣው ቫልቭ በኩል አቆምኋት።

መጀመሪያ የገጠምሁ ለት ከትምህርት ቤት መልስ ነው። ጎረቤት ሁሉ ግቢያችን አጥር ላይ ተደግፏል። ፔዳሉን ብረግጠው ሸርተት ብሎ ወረደ፤ ምንም የሚታገለው ነገር የለም። ደግሜ ረገጥሁ፤ ያው ነው። ኮምፕሬሽን፣ የአየሩ መታመቅ፣ የለም ማለት ነው፤ አንዱ ቫልቭ አልተዘጋም። ከአጥሩ ላይ አንዱ "መምህር፣ ተማሪዎችዎም እንዲህ ነው የሚወድቁት?" አለ። መፍቻዬን አንሥቼ ጀርባዬን ሰጠሁት።

ቴስታታውን ሳነሳው ደብዛዛዋ ዘንግ ከማንሻዋ ጉድጓድ ወጥታ ጠርዙ ላይ ቆማለች። እኔ ደግሞ በዚያው ላይ አጥብቄ አስሬባት ቫልቩን ከፍታ ይዛዋለች። ትንሽ ብገፋበት ኖሮ ትሰበር ነበር። ያኔ አባቴ ሲገጥም የሚያደርገው ትዝ አለኝ። በትንሿ ጣቱ ግራሶ ይነካና ጉድጓዷ ውስጥ ጠብ ያደርጋል፤ ዘንጓ በግራሶው ተይዛ ቀጥ ብላ ትቆማለች፤ ከዚያ አናቱን ያወርዳል። መቶ ጊዜ አይቼዋለሁ። ደብተሬ ላይ ግን አልጻፍሁትም፤ የጻፍሁት የብሎን ቁጥር ብቻ ነው። ተናደድሁ፤ በራሴ ነው የተናደድሁት።

በማግስቱ በግራሶ አቆምኋቸው። አሁን ፔዳሉ ይታገላል። ስረግጠው ግን ያስላል፣ በካርቡራተሩ በኩል ያስነጥሳል፣ አይነሳም። ካንዴላውን አውጥቼ አየሁ፤ እሳት ይሰጣል። ቤንዚን ይደርሳል። አንድ ሙሉ ከሰዓት እዚሁ ላይ አለቀ። እናቴ በር ላይ በርጩማ አውጥታ ተቀምጣ ታየኛለች፤ ቀኑን ትቆጥራለች።

ጥፋቱን ያገኘሁት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ነው፤ በማግስቱ ክፍል ውስጥ ስለ ኢንጂን አራት ምቶች ሳስተምር። ፒስተኑ አራቱን ምቶች እስኪጨርስ ሁለት ጊዜ አናት ላይ ይደርሳል። አንዴ ሁለቱም ቫልቮች ተዘግተው፣ አንዴ ደግሞ ሁለቱም ገርበብ ብለው። እኔ የኢንጂኑ መዘውር ላይ የተቀረጸው ምልክት ገጠመ ብዬ የቫልቩን ክፍተት ያስተካከልሁት በተሳሳተው ጊዜ ላይ ነበር። ይኼንን ለተማሪ ስንት ዓመት አስተምሬዋለሁ። ቤት ገብቼ አንድ ዙር ጨምሬ አዞርሁትና ሁለቱን ዘንጎች በጣቶቼ ያዝሁ። ሁለቱም በቀላሉ ይሽከረከራሉ፤ እውነተኛው ቦታ ይኼ ነው። ከወረቀት የሳሳ ክፍተት ትቼ አሰርሁና ረገጥሁ። በሁለተኛው ተነሳች።

እናቴ ብድግ አለች። ዓመት ተመንፈቅ ገደማ ያልተሰማ ድምፅ ነው። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ቆመች፤ እኔም ዓይኔ ውኃ ሞላ። ጭሱ ነው ብዬ ዞር አልሁ።

አምስት ደቂቃ አልሞላም። ከአናቷ በኩል ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ማለት ጀመረች። አጠፋሁ፣ አቀዘቀዝሁ፣ ከፍቼ ለካሁ። የጭስ ማውጫው ቫልቭ ክፍተት ሰፍቷል። ብሎኑ ላልቶ ይሆናል ብዬ አስተካክዬ አጠበቅሁት። ተነሳች፤ አምስት ደቂቃ ጸጥ ብላ ሠራች፤ ጠቅ፣ ጠቅ። ደግሜ አስተካከልሁ። ደግማ ሰፋች። አራት ጊዜ እንዲህ ተመላለስን። በአራተኛው መፍቻውን ወርውሬ አጥር መታሁበት። እናቴ ተነሥታ፣ እያነከሰች ሄዳ፣ አንሥታ አመጣችልኝ። "አባትህም ይወረውር ነበር" አለች። ውሸቷን ነው፤ አባቴ መፍቻ ወርውሮ አያውቅም። ሙት ዓመቱ ሊደርስ አምስት ቀን ቀርቶታል።

ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ገበያው አጠገብ ባጃጅ የሚጠግን ሰው ጠራሁ። እኩያዬ ነው፤ ሥራውን የለመደው አባቴን እያየ ነው። መጥቶ የካቻቢቴውን ጫፍ ቴስታታው ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ አዳመጠ። "ቫልቭ ነው" አለ።

"እሱንስ እኔም አውቄያለሁ!"

"መምህር፣ አይቆጡ። ዘንጎቹን ቦታ ያቀያይሯቸው። ድምፁ እዚያው ከቀረ ችግሩ ቦታው ነው። ከዘንጓ ጋር ከሄደ ዘንጓ ናት።"

አሥራ ሰባት ዓመት ስለ ሙከራ አስተምሬያለሁ። አንዱን ነገር ብቻ ቀይር፣ ሌላውን እንዳለ ተው፣ ከዚያ ውጤቱን እይ እያልሁ። ቀላ ብዬ ዘንጎቹን አቀያየርሁ። አስነሣን። አምስት ደቂቃ ጠበቅን። ድምፁ ከጭስ ማውጫው በኩል ተነሥቶ በሌላው በኩል መጣ። የምታበራዋን ዘንግ ተከትሎ ሄደ።

"መስታወት አለ?" አለ ሰውየው። እናቴ ከግድግዳ ላይ መስታወቷን አውርዳ ሰጠችን። በርጩማ ላይ አጋደምነውና ደብዛዛዋን አንከባለላት፤ ልስልስ ብላ ሄደች። የምታበራዋን አንከባለላት፤ ትነሳለች፣ ትወድቃለች፣ ትነሳለች። ጎንበስ ብዬ ባይ በመካከሏ በኩል በመስታወቱና በእሷ መካከል ብርሃን ይገባል፤ የፀጉር ያህል ነው። ጎብጣለች። ጎባጣ ዘንግ ሸክም ሲመጣባት ይበልጥ ትጎብጣለች፤ በጎበጠች ቁጥር ታጥራለች፤ ባጠረች ቁጥር ክፍተቱ ይሰፋል። እኔ በስተላይ ሳጠብቅላት እሷ በስተታች ትለቅቃለች።

"የምታበራዋ?" አልሁ። አፍሬ ነው እንጂ ማየቱንስ አይቻለሁ።

"ዘንግ በሥራ አያበራም። የሆነ ነገር ሲያሻት ከርሟል" አለ ሰውየው። ሱቁ ጥግ የሲሊንደሯ ግድግዳ የተሰነጠቀ፣ ተስፋ የተቆረጠባት አንዲት ኢንጂን ነበረችው፤ ከሷ አንድ ዘንግ አወጣልኝ። መስታወት ላይ አንከባለልናት፤ ቀጥ ያለች ናት። ገጠምን። አምስት ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ፣ ግማሽ ሰዓት። ከተማውን ሁለት ጊዜ ዞርሁባት፤ ጸጥ ብላለች።

የጎበጠችውን ኪሴ ከተትኋት። የያዝኋት ለአክስቴ ላሳያት ነው። በአደራ የተሰጠ ዕቃ እንዲህ ይደረጋል ወይ ልላት፣ እናቴን ከባሏ መቃብር ልታስቀሪ ነበር ልላት። ለትልቅ ሰው እንዲህ አይባልም፤ ግን በመንገድ ሁሉ በልቤ ስደረድረው ሄድሁ።

በዋዜማው ጧት ተነሣን። እናቴ እንደ ድሮዋ በጎን ተቀመጠች፤ ነጠላዋን አፏ ድረስ ተከናንባ፣ በቀኝ እጇ ትከሻዬን ይዛ። አቀበት ላይ ማርሽ ስቀንስ አስቀድማ ታውቃለች፤ ጠጋ ትላለች። "አባትህ እዚህ ጋ ይወርድና ይገፋ ነበር" አለችኝ አንድ ቦታ ላይ። እኔ ሳልወርድ አለፍሁ፤ ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ደስ ማለቴ ከነከነኝ። ከብልባላ ወዲያ መንገዱ ጠጠር ነው። ገበያተኛ አህዮቹን ወደ ዳር እየነዳ ያሳልፈናል። ሁለት ሰዓት ተኩል የተባለው በአንድ ሰዓት ተጠናቀቀ።

አክስቴ ከአባቴ በሦስት ዓመት ትበልጣለች። እናቴን አቅፋ አለቀሰች፤ እናቴም አለቀሰች። በማግስቱ ቅዳሴ ቆምን፣ መቃብሩ ላይ ፍትሐት ተደረገ፣ ካህናቱና የመንደሩ ሰው ቀመሱ፣ መረቁ፣ ተበተኑ። መቃብሩ ላይ ድንጋይ በሥርዓት ተደርድሯል። እዚያ ቆሜ የፈራሁትን ያህል አልሆንሁም። እናቴ ግን አልጠየቀችም። ይኼን ሁሉ መንገድ መጥታ፣ ጥያቄው አፏ ላይ ደርሶ ይመለሳል። እጇ የነጠላዋን ጫፍ ሲጠቀልል፣ ሲፈታ አያለሁ። ፈርታለች።

ሰው ሄዶ ሦስታችን ደጅ ላይ ስንቀር ዘንጓን ከኪሴ አወጣሁ። የደረደርሁት ሁሉ ጠፋኝ። "እትዬ፣ ይቺን ምን አደረጓት?" ብቻ አልሁ።

አክስቴ ዓይኗን አጥብባ አየቻት። "አወይ፣ መዳመጫዬ!" አለች። ተቀብላኝ በመዳፏ ላይ አንከባለለቻት። "እኔማ ስትልክባት ምነው በተወልኝ ብዬ ነበር። ጥጡን እንዴት አድርጋ ፍሬውን ትተፋው ነበር መሰለህ።"

አልገባኝም። ጥጥ ከፍሬው የሚለየው ድንጋይ ላይ ተደርጎ በብረት ዘንግ እየተዳመጠ እንደሆነ ልጅ ሆኜ አይቻለሁ፤ ሰው ግን የኢንጂን ዘንግ ይዞ ጥጥ ይዳምጣል ብዬ አላሰብሁም።

"ያባትህ ነገር ነው" አለች። "በጃኬት መጣ፤ አዝመራውን ሰብስቦ ሲጨርስ ብርዱ ገባ፤ መንገዱም ተዘጋ። ሌሊት ሌሊት ሲስል እሰማዋለሁ። ቤት ውስጥ ያለው የኔ አሮጌ ጋቢ ነው፤ እሱንም ልበስ ብለው እምቢ አለኝ። ጥጥ ለራሴ ብዬ የገዛሁት ነበር፤ ገና ያልተዳመጠ። መዳመጫዬን ደግሞ ጎረቤቴ ተውሳ እንደያዘችው ሸሸች። ኋላ አባትህ የጠቀለለውን ጨርቅ ፈታሁት። አንዷን ወሰድሁ፣ አንዷን ተውሁ። እሱ አይቶኝ ሳቀ። 'ያቺ ሞተሬን ነው የምታስነሳው' አለኝ። 'ቀስ ብለሽ ተጫኛት፤ ትጎብጣለች' አለኝ። እኔ ደግሞ ቸኮልሁ። ድንጋዩ ጠባብ ነው፤ በሁለት እጄ በሁለት ጫፏ እየተጫንሁ..."

እናቴ መጠቅለሏን ተወች።

"ሦስት ሳምንት ዳመጥሁ። የሠፈሩ ሴቶች መጥተው አብረውኝ ፈተሉ። ሸማኔው ሌላውን ሁሉ አቆየና የሱን አስቀደመ። ሐሙስ ጋቢው መጣ፤ ቅዳሜ አረፈ።"

"በምን ገነዛችሁት?" አለች እናቴ። ድምፅዋ የሌላ ሰው ድምፅ ይመስል ነበር።

"በሱ ነዋ። በአዲሱ ጋቢ። ሌላ ምን ነበረና? ካህናቱ ራሳቸው እንዲህ ያለ መግነዝ ዘንድሮ አላየንም አሉ።" አክስቴ ግራ ገባት። "አልነገሯችሁም?"

  እኔ አክስቴን ለመገሠጽ ይዤ የመጣኋት ብረት በአክስቴ መዳፍ ላይ ታበራለች፤ ወዴት ልይ? አፈርሁ። አባቴም ትጎብጣለች ብሎ አውቆ ነበር፤ አውቆም ዳምጪባት ብሎ ተዋት።

"ለብሶት ነበር?" አለች እናቴ በመጨረሻ። "በሕይወቱ?"

"ሁለት ቀን ለብሶታል።"

"ምን አለ?"

"'ሞቀኝ' አለ። ሐሙስ ማታ አለበስሁት፤ 'አሁን ገና ሞቀኝ' አለ፤ ተኛ።"

እናቴ ራሷን ነቀነቀች። ደግማ ነቀነቀች። ከዚያ ወደኔ ዞራ "ተውላት፤ መዳመጫዋ ናት" አለችኝ። አክስቴ ዘንጓን ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረች። ቤት ገብታም ከጋቢው የተረፈ አንድ ልቃቂት ክር ይዛ ወጣች፤ የቡጢ ያህል ነው። እናቴ እጅ ላይ አስቀመጠችው።

ከሰዓት በኋላ ተመለስን። ከብልባላ ወዲህ ያለው ቁልቁለት ላይ ስንደርስ ደመና መጣና ነፋሱ ቀዘቀዘ። ኢንጂኑ እኩል ይመታል፤ ጆሮዬን ጥዬ የምሰማው ነገር አጣሁ። እናቴ በአንድ እጇ ትከሻዬን ይዛለች፤ በሌላው ልቃቂቱን ነጠላዋ ውስጥ ደረቷ ላይ ይዛለች። ድምፄን ከፍ አድርጌ "በረደሽ?" አልኋት።

"አልበረደኝም" አለች።